በትራስ ስር የኖረው ወረቀት

ጎተንበርግ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ የአጎት ልጅ ለተከበሩ መምህር በድሩ ጀይሉ፤ ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ልጅዎ ኢማንስ ደህና ናት? ባለቤቷ ሙጂብስ? የጨፋ ማሽላ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከስዊድን ብርድ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም።

አባቴ ሙኒር ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ሳልጽፍልዎ ሦስት ዓመት ሞላኝ። አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁንም የጻፍኩት ጉዳይ ቢኖረኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። በአማርኛ፣ ልብ ወለድ፣ ስለ ባርነት። እስካሁን ባነበብኳቸው መጻሕፍት ባሪያው በአንድ በር ውሃ ይዞ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። እናቱን የሚጠይቀው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማረ ዘመድ እያለኝ ሌላ ሰው አልጠይቅም ብዬ ነው። በኛ አገር ሰው «ባሪያ» ሲል ምን ማለቱ ነበር?

ሁለተኛ፣ በቅድመ አያቴ በሐጅ ሰይድ ቤት ዓፊያ የምትባል ሴት እንደነበረች አባቴ አንድ ጊዜ አንስቶልኝ ነበር። ማን ነበረች?

ሦስተኛ፣ እርስዎ ቤት የተቀመጠውን የቤተሰቡን ክታብ ከፍተው የውስጡን ወረቀት ፎቶ ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል። ካስቸገረ ይቅር።

ልጅዎ ሰልሳቢል ሙኒር


ከሚሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል ሙኒር

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ? አላህ ከብርዱም ከሰውም ክፋት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው መልካም ነው። ኢማን ነፍሰ ጡር ናት፤ እንደ አላህ ፈቃድ መጋቢት ላይ ትወልዳለች። ሁለት ጽንስ እንደወረደባት ታውቂያለሽ። አሁን እኔ ዘንድ ነው ያለችው፤ ዕቃ እንኳ እንድታነሳ አልፈቅድላትም።

ጽፈሽ በመላክሽ ደስ ብሎኛል። ስልክ አልወድም። ከሚሴ ላይ በስልክ የተወራ ነገር የቀትር ዙሁር ሳይሰገድ ሰንበቴ ገበያ ይደርሳል።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ባሪያ ማለት በሌላ ሰው እጅ ያለ፣ በራሱ ላይ የማያዝ ማለት ነው። ነገር ግን በኛ አገር ቃሉ ሌላም ቤት አለው። መንዙማ የሚለው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ «ባሪያህ ነኝ» ሲል ያለቀሰውን ሰው ብዛት አንቺ ልጅ ሆነሽ አይተሻል። በሥነ ጽሑፍ ባርነት የፍቅር ጥግ ነው። እኔም ስንት ዓመት ያስተማርኩት እንዲሁ ነው።

ዓፊያ ሞግዚት ነበረች። አባቴን ጀይሉንም፣ ያንቺን አያት ሙሀመድኑርንም ያዘለች ሴት ናት። ቤተሰብ ነበረች። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ክታቡን በተመለከተ፦ ሐጅ ሰይድ ከአንድ ትልቅ ሸህ የተቀበሉት የወሊድ ዱዓ ነው። በዚህ ቤት የወለደች ሴት ሁሉ ትራሷ ስር አድርጋው ነው የወለደችው። አያትሽም ሙኒርን የወለደችው ያንን ተንተርሳ ነው። ክታብ አይከፈትም። ከተከፈተ በረካው ይሄዳል። ዛሬ ኢማን ትራስ ስር ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሦስት ነገር ጠየቅሽኝ፤ ሦስተኛውን «ካስቸገረ ይቅር» አልሽ። እኔ ዕድሜዬን ፈተና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ዋናው ጉዳይሽ የቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ይህን ወረቀት እንድትጠይቂ የላከሽ ማነው?

አጎትሽ በድሩ ጀይሉ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በድሩ

አሰላሙ ዓለይኩም። ለኢማን አላህ ቀላል ያድርግላት፤ ዱዓ ላይ ነኝ። ፊደልዎ ምነው ተለቀ? የአንድ ገጽ ቃል አራት ገጽ ሞልቷል። ለአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፉ መስሎኝ ሳቅሁ።

ማንም አልላከኝም። ይህን ያህል መጠርጠርዎ ግን እኔንም አስጠረጠረኝ።

ዓፊያ ቤተሰብ ነበረች አሉኝ። እሺ። ትሪው ሲቀርብ ከነማን ጋር ትቀመጥ ነበር? የት ትተኛ ነበር? የት ተቀበረች? ሐጅ ሰይድና ሚስታቸው ፋጡሜ የተቀበሩበትን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየዓመቱ ለሙታን ሰደቃ ሲወጣ ስማቸው ይጠራል። የዓፊያ ስም ተጠርቶ አልሰማሁም። ቤተሰብ ከሆነች ለምን አይጠራም?

የመንዙማውንም ነገር አልተቀበልኩትም። እዚያ «ባሪያህ ነኝ» የሚለው ሰው ጌታውን ራሱ መርጦ ነው። ሲበቃው ጫማውን አጥልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተሸጠው ሰው ግን የሚሄድበት ቤት የለውም። እኛ ጸሐፊዎች ቃሉን እየወሰድን ለፍቅራችን ጌጥ አደረግነው፤ ባለቤቶቹን አልጠየቅናቸውም። መጽሐፌ የተነሳው ከዚህ ንዴት ነው። ተራኪዋ «እኔ የባሪያ ልጅ ነኝ» ብላ ትጀምራለች፤ አዲስ አበባ ያለው አሳታሚም ከሁሉ የወደደው ይህንን መግቢያ ነው።

የወረቀቱን ነገር ደግመው ያስቡበት። ዘጠኝ መስመር ብቻ ላለው ወረቀት ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው? አንዴ ፎቶ ተነስቶ ተመልሶ ይሰፋል።

ልጅዎ ሰልሳቢል


ከሚሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልሳቢል ሙኒር

ወዓለይኩሙ ሰላም። የዘገየሁት መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ነው። መንገዱ ባይዘጋም ግን እዘገይ ነበር፤ ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አሰብኩበት።

ክታቡ ተሰፍቶ ያለ ነገር ነው። አንቺ ደግሞ ከዚህ አገር ስትወጪ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ከሩቅ እንጂ በእጅሽ ነክተሽው አታውቂም። ወረቀቱ ዘጠኝ መስመር እንዳለው ማን ነገረሽ?

መልስ አትስጪኝ። ወይም ስጪኝ፤ ግን እውነቱን። ልጄ ብዬ የምጽፍላት ሰው በጎን መርፌ ይዛ ስትጠብቀኝ ማየት አልወድም።

አሁን ፎቶውን ተዪውና እኔ ልለምንሽ። መጽሐፉን ልከሽልኝ ልየው። መላክ ካልፈለግሽ የከሚሴን ስም ለውጪው፤ ጨፋ የሚለውንም አውጪው። እሱም ካልሆነልሽ ኢማን እስክትወልድ ብቻ ታገሺ። የሙጂብ እናት ዙበይዳ ዘር የምትቆጥር ሴት ናት። ለልጇ ኢማንን ስንሰጥ ሽማግሌዎቿ የኛን ቤት እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው ነው የተስማሙት። ለሁለቱ ጽንሶች መውረድ እንኳ ምክንያት ስትፈልግ ነው የከረመችው። «ዓፊያ» የሚል ስም ከኛ ቤት ጋር ተያይዞ ከታተመ ልጄን በሆዷ ካለው ጋር ነው የምትመልስልኝ።

አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ስዊድን ማን ዘር ይቆጥርብሻል? እዚያ «የባሪያ ልጅ ነኝ» ማለት ያስጨበጭባል። እዚህ ያስፈታል።

በድሩ ጀይሉ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ በድሩ

ይህን ደብዳቤ እባክዎ ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት።

እውነቱን ካሉኝ እውነቱ ይኸው። አባቴ ሲሞት ከዕቃው ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። ክታቡን በወጣትነቱ ከፍቶ አንብቦታል። ዐረብኛውን ገልብጦ ከሥሩ በአማርኛ ተርጉሞታል። እንዲህ ይላል፦

«ምስጋና ለአላህ ይሁን። እኔ ሰይድ ቢን ዑመር፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗም ጥርሷም ነውር የሌለበት፣ አንዲት ሴት ባሪያ ከቆላ ከወጣ ነጋዴ በአሥራ አራት ጠገራ ብርና በአንድ ጥገት ላም ገዝቻለሁ። ሻጩ ዋጋውን ተቀብሏል። እኔም ልጅቷን ተረክቤ ስሟን ዓፊያ ብያታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ብትሞትም ብትጠፋም በኔ ነው።»

ከዚያ የምስክሮች ስም አለ። ዱዓ የለውም፣ የሸህ በረካ የለውም። የሽያጭ ውል ነው። የቤታችን ሴቶች በሙሉ ምጥ ሲይዛቸው የተንተራሱት የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደረሰኝ ነው። ዛሬ ኢማን የተኛችው በዚያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁዎት። ይዋሹኝ እንደሆነ ለማየት ነበር፤ ደግ ሥራ አልነበረም። እርስዎ ግን አንድም ቀን ያልተከፈተ ነገር እንደሆነ አድርገው ጻፉልኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ፣ መድረሳ የቀራ ሰው ቤቱ ያለውን ወረቀት አያውቅም? አላምንም። እንድታገስ የሚለምኑኝስ ወረቀቱን እስኪያቃጥሉት ነው?

አባቴ ከትርጉሙ በታች ብቻውን «የቤታችን እናት» ብሎ ጽፏል። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ዓፊያ የአያቴ እናት ናት። ስለዚህ «እኔ» ብዬ የምጽፈው የራሴን ነው፤ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ሰልሳቢል


ከሚሴ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልሳቢል

ፊደሌ ለምን እንደተለቀ ጠይቀሽኝ ስቀሽ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱንም ዓይኖቼን ሞራ ይዟቸዋል። በግምት እያተለቅሁ መጻፍ እችላለሁ፤ ያንቺን የጉንዳን ፊደል ግን ማንበብ አልችልም። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ የምታነብልኝ ኢማን ናት። አልነገርኩሽም፤ ዓይኑ የጠፋ ሰው ለመጠየቅም ለመታለልም ይመቻል ብዬ ፈራሁሽ።

«ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት» የሚለውን ስታነብ ሳቀች። «አባ፣ ሰልሳቢል ምስጢር አላት» ብላ ቀጠለች። «አሥራ አራት ጠገራ ብር» የሚለው ላይ ድምጿ ቀነሰ። እስከ ፊርማሽ ድረስ ግን አንዲት ቃል ሳትዘል አነበበችልኝ።

ከዚያ ተነስታ ክታቡን ከትራሷ ስር አምጥታ ጭኔ ላይ አደረገችው።

«አባ፣ ታውቅ ነበር?»

ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩ።

«እናቴ እኔን ስትወልድም ታውቅ ነበር?»

ክታቡን መልሼ ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም።

«አሥረኛ ክፍል እያለሁ ፈተና ላይ ምን ብለህ እንደጠየቅኸን ታስታውሳለህ? 'ባሪያው ለጌታው ያሳየው ታማኝነት ምን ያስተምረናል?' ብለህ ነበር። እኔ ገጽ ሙሉ ጻፍኩልህ። ሙሉ ማርክ ሰጠኸኝ።»

ልብሷን በፌስታል ይዛ በባጃጅ ወደ አማቷ ቤት ሄደች። አንድ ሳምንት ሆኗታል። ስልኬን አታነሳም። የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

እንኳን ደስ አለሽ። ለመጽሐፍሽ ጥሩ ምዕራፍ ወጥቶልሻል።

በድሩ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ በድሩ

አሰላሙ ዓለይኩም። በኢማን ላይ ይህን ማድረጌን ሳስበው እጄን መቁረጥ ያሰኘኛል። እውነት ስለያዝኩ ብቻ የምናገርበትን ሰዓት የመምረጥ ግዴታ የሌለብኝ መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ለሷም ጽፌያለሁ፤ አልመለሰችልኝም።

መጽሐፉን አሳታሚው ዘንድ አስቁሜዋለሁ። መልሰው ካልጻፉልኝ እንደቆመ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ አሁንም እንደምጠረጥርዎ አልደብቅም። ወረቀቱን አያቃጥሉት። ያቺ ሴት በዚህ ዓለም ላይ እንደነበረች የሚመሰክር ሌላ ነገር የላትም።

ሰልሳቢል


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል ሙኒር

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ኢማን መጋቢት 29 ቀን በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ምንም ነገር ሳትንተራስ ነው የወለደችው። አልሐምዱሊላህ።

ወረቀቱን አላቃጠልኩትም። ልታምኚኝ ስላልቻልሽ አልፈርድብሽም፤ አሁን የምነግርሽን ከሰማሽ በኋላ ደግሞ ራስሽ ትፈርጃለሽ።

አባትሽ ክታቡን ብቻውን አልከፈተውም። አብረን ነን። ሁለታችንም ሃያ ዓመታችን ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ለገበያ ሰንበቴ ወርዶ እኔና እሱ ቀረን። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት፤ ዐረብኛው ከኔ ይልቅ እሱ ዘንድ የጸና ነበርና እሱ አነበበ። ዘጠኙን መስመር ገለበጠ። ከዚያ ወረቀቱን አዞረው።

ጀርባው ላይ በሌላ ቀለም አራት መስመር አለ። እንዲህ ይላል፦ «ዓፊያ ወንድ ልጅ ወልዳልኛለች። ጀይሉ ብዬዋለሁ፤ ልጄ ነው። ፋጡሜ እንደ ልጇ ታሳድገዋለች። እኔ ስሞት ዓፊያ ነፃ ናት፤ ማንም አይሸጣትም።»

ጀይሉ አባቴ ነው።

ሙኒር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልኝና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሽማግሌዎች የኢማንን እናት፣ ዓዲላን ሊጠይቁልኝ ይሄዱ ነበር። «ጀርባው ደብዝዟል፤ አይነበብም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ከዚያ መልሶ ሰፋው። እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሳብኝም። የጀርባውን መስመሮች ደብተሩ ላይ ያልገለበጠው ራሱን ለመሸፈን አልነበረም። እኔን ለመሸፈን ነው። አያትሽ ሙሀመድኑር የፋጡሜ የራሷ ልጅ ነው። አንቺ የገዢው ልጅ ነሽ። እኔ የገዢውም ነኝ፣ የተገዛችውም ነኝ።

ውሉን በቆዳ ሰፍታ «የሸህ ዱዓ ነው» ያለችው ፋጡሜ ትመስለኛለች። ማንም የማይከፍተው ቦታ ፈለገችና አገኘች። ለዓፊያ አዝና ይሁን በዓፊያ ቀንታ አላህ ያውቃል። እኔ ግን እያወቅሁ ሚስቴንም ልጄንም በላዩ አስተኛሁ። ልጄ ሁለት ጊዜ ስትደማ እንኳ አላወጣሁትም፤ ካወጣሁት ለምን ተብዬ እጠየቃለሁ ብዬ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ይህን ለኢማንም የነገርኳት ገና አሁን ነው። ዓፊያን አውቃታለሁ። የሞተችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ባርነት ይቅር የሚለው አዋጅ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እሷ ግን የምትተኛው ጥጆቹ በሚታሰሩበት ቤት ጥግ ነበር። ከመድረሳ ስመጣ ከደጅ ቆሜ «ዓፊያ! ውሃ!» እላታለሁ። አያቴ አልላትም፣ እቴ አልላትም፣ በባዶ ስሟ ነው። ጎንበስ ብላ እግሬን እያጠበች «እሺ ጌታዬ» ትለኛለች። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ያያል። እሱ ያውቅ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማዘዙንም እንደ ጨዋታ እወደው ነበር። ስትሞት ማን እንደሞተ እንኳ አልነገሩኝም።

መንዙማ ሲባል ዓይኔን ጨፍኜ «ባሪያህ ነኝ» እያልኩ ሳለቅስ ኖሬያለሁ። ሰው ሁሉ በድሩ ልቡ ሩኅሩኅ ነው ይል ነበር። የማለቅሰው ለምን እንደነበር አሁን ለራሴም ግልጽ ሆኖልኛል።

መጽሐፍሽን ጻፊው። የከሚሴንም ስም አትለውጪ። «እኔ የባሪያ ልጅ ነኝ» የሚለውን ግን ከተራኪሽ አፍ አውጪው፤ ያንቺ አይደለም። በመጻሕፍት ታማኝ ባሪያ አይቻለሁ፣ ያመፀ ባሪያም አይቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አፏን ከፍቶ ጥርሷን አይቶ ላም ጨምሮ የገዛ ሰው፣ ሐጅ፣ ሰላት የማያዛንፍ፣ የልጅ ልጆቹ እንደኔና እንዳባትሽ የሚወዱት ሰው ግን «እኔ» ብሎ ሲናገር አላነበብኩም። እሱን ጻፊ። ቢከብድሽም የራስሽ ነው።

አሁን የልጅቷ ስም የወጣበትን የአቂቃውን ድግስ ነገር ልንገርሽ። ኢማን ለአማቷ ለዙበይዳ ሁሉን ነገር በራሷ አፍ ነግራታለች፤ እኔን አላማከረችም። በሰባተኛው ቀን ድግሱ እኔ ቤት ሲሆን ከዙበይዳ ቤት ማንም አልመጣም። ሙጂብ ብቻ በጉን እየጎተተ መጣ፤ ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ምን እንደሚሆን ገና አይታወቅም። ልጅቷን ፊርደውስ ብለናታል። ዓፊያ እንበላት ብዬ ነበር፤ ኢማን «ያ የገዛት ሰውዬ ያወጣላት ስም ነው» አለችኝ።

ኢማን ልጇን ይዛ ከባጃጁ ወረደችና ከደጅ ቆመች። ስትወልድ ልጠይቃት ብሄድ «በሰው ፊት እስክትናገር እቤትህ አልገባም» ብላኝ ነበርና ቃሏን ጠበቀች። ሸኹ ለሙታን ዱዓ ሊያደርጉ የሐጅ ሰይድን ስም ጠሩ፣ የፋጡሜን ጠሩ። አቋረጥኳቸው። «ዓፊያ የምትባል አለች፤ ለሷም ዱዓ አድርጉልኝ» አልኩ።

ዕድሜዬን የሚያህል ጎረቤት ረድፉ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ያቺ የጥጃ ቤቷ? እሷ ደግሞ ምንህ ናት?» አለኝ።

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። «አያቴ ናት» አልኩ።

ሸኹ እጃቸውን አንስተው ዱዓቸውን ቀጠሉ። ከመሀል ሁለት ሰዎች ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ኢማን እነሱን አሳልፋ ገባችና ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

በድሩ ጀይሉ